ዲማን ደግሞ መስማት፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» በቢቸናና በሞጣ ጆሮ

ስለ ሐዲስ አለማየሁ ልቦለድ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ተጽፏል። ሴራው ተተንትኗል፤ ገጸ ባሕርያቱ ተመዝነዋል፤ ማኅበራዊ ሂሱና የቋንቋው ውበት ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። የሚጠናው ግን ዘወትር የታተመው መጽሐፍ ነው። ይህን ልቦለድ ከገጽ ላይ ሳይሆን ከሬዲዮ፣ ከካሴትና ዛሬ ደግሞ ከስልክ ያገኘው ኢትዮጵያዊ እጅግ ብዙ ነው። ከእነዚህም ውስጥ አንድ ጊዜ ሰምቶ የተወው ጥቂት ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቀ፣ ከተራኪው ቀድሞ ዐረፍተ ነገሩን እየጨረሰ፣ ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር እየተሟገተ ደጋግሞ የሚሰማ አድማጭ አለ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እሱን ነው፤ በተለይም የታሪኩ መሬት የራሱ መሬት የሆነበትን የምሥራቅ ጎጃም አድማጭ። የእሱ ደግሞ መስማት ሂስ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዳንድ ቦታ ላይም ከእኛ ከጽሑፍ ሰዎች ሂስ ቀድሞ የሄደ ይመስለኛል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ1958 ዓ.ም.፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 3 ቀን፣ አሜሪካ ውስጥ «ስታር ትሬክ» የተባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ሦስት ዘመን ታይቶ፣ 79 ክፍሎች ላይ ሲደርስ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። ዝናው የገነነው ከተቋረጠ በኋላ፣ የየከተማው ጣቢያ ክፍሎቹን ደጋግሞ ሲያሳይ ነው። ጥር 1964 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ወዳጆቹ ተሰባስበው ጉባኤ ሲያደርጉ አዲስ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተነጋገሩት በሚያውቁት ላይ ነበር። የእንግሊዙ «ዶክተር ሁ» ነገር ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ቢቢሲ የድሮዎቹን ክፍሎች ከቴፕ ላይ ስለ ደመሰሳቸው ከዘጠና የሚበልጡ ክፍሎች ምስላቸው ጠፍቷል። ድምፃቸው ግን አንድም ሳይቀር ተርፏል፤ ምክንያቱም ተመልካቾች በየቤታቸው መቅጃ አጠገብ ቁጭ ብለው ይቀዱ ነበር። ባለቤት የሆነው ተቋም የጣለውን ወዳጅ አተረፈው።

የእኛም ትረካ ከሬዲዮ ወጥቶ በሰው እጅ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ፣ ከአምስት መቶ ገጽ የሚበልጠው መጽሐፍ በክፍል በክፍል ተቆርሶ፣ ቀጠሮ ተይዞለት የሚጠበቅ ነገር ሆነ። መብራት ባልገባበት ቤት ሬዲዮ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትረካው እስኪያልቅ እንዲበቃ ዜናው ሳይሰማ ይታለፋል። ካሴቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሥርዐት ይዞ መጣ። የስድሳ ደቂቃው ካሴት አንድ ጎኑ ሠላሳ ደቂቃ ስለሆነ ታሪኩ ያለቀበት ሳይሆን ክሩ ያለቀበት ላይ ይቆማል፤ ቃል መሐል ላይም ቢሆን። ያንን ካሴት ደጋግሞ የሰማ ሰው ዛሬ ቅጂውን በዩቲዩብ ሲሰማ እንኳ ድሮ ካሴቱ የሚገለበጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጆሮው ቆም ይላል። ባትሪ እንዳይበላ በቢክ እስክርቢቶ የተጠነጠነ ክር፣ ብዙ ከመሰማት የተነሣ ድምፁ የሚንሳፈፍበት ቦታ፣ የቀጂው ቤት ዶሮ የጮኸችበት ቅጂ፣ እነዚህ ሁሉ ለአድማጩ የጽሑፉ አካል ሆነው ቀርተዋል። የብራና መጻሕፍት አጥኚ በኅዳግ ላይ የተጻፈውን እንደሚያጠና፣ የእነዚህን ቅጂዎች ልዩነት የሚያጠና ሰው ሊኖረን ይገባ ነበር።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ ራሳቸው ለጆሮ የሚያስቡ ደራሲ እንደነበሩ ማስረጃው መጽሐፉ ውስጥ አለ። የአማርኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላትን አይለይም። እሳቸው ግን በዚህ ልቦለድ ውስጥ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አደረጉ። ከእሳቸው በኋላ ይህን ልማድ የተከተለ ደራሲ እምብዛም የለም፤ አንባቢውም ነጥቧን ሳያያት ያልፋል። እኔ ግን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የተበተነችው ያች ነጥብ የደራሲው ጭንቀት ትመስለኛለች፤ ቃሉ እሳቸው በሚሰሙት ድምፅ እንዲነበብ የነበራቸው ጭንቀት። ደራሲው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸው። በእነዚያ ጉባኤዎች ጽሑፍ ከድምፅ ተለይቶ አያውቅም፤ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ይቀጽላል፣ እስኪያዝ ድረስ ይመላልሳል። እንግዲህ ወጋየሁ መጽሐፉን ወደ ሬዲዮ አወጣው ከማለት ወደ መጣበት መለሰው ማለት ይቀላል። የዲማውን ባላባት የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት፣ የሚስታቸውን የወይዘሮ ጥሩአይነትን ጭምትነት፣ ሥርዐቱን የሚተቸውን የጉዱ ካሳን ንዴት በአንድ ጉሮሮ ሲያፈራርቅ ጽሑፉ ውስጥ የነበረውን ልዩነት አጉልቶ አሰማ እንጂ ከራሱ አልፈጠረም።

ቢቸናና ሞጣ እዚህ ላይ ይመጣሉ። ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ዲማ ጊዮርጊስም በዚያው በእነማይ ነው። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን አከታትሎ ያልፋል፤ ደራሲው ከተማሩባቸው ሦስት ጉባኤዎች ሁለቱ በዚህ መስመር ላይና አካባቢ ናቸው። የ«ስታር ትሬክ» ወዳጆች በዓለም ላይ የሌለችን መርከብ ክፍል በክፍል በወረቀት ላይ ነድፈዋል። የቢቸና አድማጭ እንዲህ ያለ ንድፍ አያስፈልገውም። የፊታውራሪውን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ያፈቀረው በዛብህ ከዲማ ሲያመልጥ በየት በኩል ወደ ዓባይ እንደሚወርድ መንገዱን ያውቀዋል፤ በእግሩም ሄዶበት ይሆናል። ስለዚህ የሚነሣው ሙግት የተለየ ነው። አዲስ አበባ ላይ «ሰብለ ወንጌል ትንሽ ቀድማ ብትደርስ ኖሮ» ብሎ አድማጩ ይቆጫል። እዚህ ግን ጥያቄው የመንገድና የቀን ነው፤ ከዲማ ዓባይ በእግር ስንት ቀን ይፈጃል፣ በየትኛው ወር ወንዙ ይሻገሩታል፣ ሽፍታ የሚያደባው የት ላይ ነው። ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ክርክሩ ሲጠናቀቅ የሚገኘው የልቦለዱ ዕጣ ፈንታ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከመንገዱ፣ ከርቀቱና ከዘመኑ የጸጥታ ጉድለት የተሠራ መሆኑ ነው። በብዙ የትምህርት ቤት ማብራሪያ ውስጥ «የዕድል ነገር» ተብሎ የሚታለፈውን እነሱ በምክንያት ያስረዱታል።

በዚህ ሁሉ ላይ የአንድምታ ልማድ አለ። የትርጓሜ መምህር አንዱን ንባብ ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽርም። በዚያ ባህል ያደገ አካባቢ ክፍሉን ደጋግሞ ሲሰማ አዲስ ነገር ባለመገኘቱ አይሰለችም፤ ንባቡ ያው ሆኖ ፍቺው እንዲጨመር ይጠብቃል።

ለዚህ ከአበጀ በለው ክፍል የተሻለ ምሳሌ የለም። የዲማ ባላገሮች ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ በላይ የሚጭኑባቸውን አንቀበልም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ይነሣሉ፤ ሊቀጧቸው የዘመቱት ፊታውራሪም ይማረካሉ። በደርግ ዘመን የነበረው ሂስ ይህን ክፍል የመደብ ትግል አድርጎ አነበበው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ሌላ ንባብ ለማሰብም አስቸጋሪ ነበር። የቢቸናና የሞጣ አድማጭ ግን ሌላ ትዝታ ነበረው። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም የጎጃም ገበሬ ሲነሣ ሞጣና ቢቸና ከዋናዎቹ የአመፁ ቦታዎች ነበሩ። ጦር ዘመተ፤ በአውሮፕላንም ተደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። ያ ገበሬ የተነሣው መሬት ስላልነበረው አልነበረም። ርስት ነበረው፤ ግብሩ የመሬት ልኬታን አስከትሎ ርስቱን እንዳይነካበት ስለ ፈራ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የአበጀ በለውን ሰዎች ሲሰማ «መሬት ለአራሹ» የሚለውን መፈክር አይሰማም። የሚሰማው «ከልማዳችን አትለፉብን» የሚል፣ ሥርዐቱን ሊያፈርስ ሳይሆን ወሰኑን ሊያስከብር የተነሣ ባላገር ነው። እንደ እኔ ለጽሑፉ የሚቀርበው ይህ ንባብ ነው። የዲማ ባላገር ፊታውራሪውን ማርኮ ያዋርዳል እንጂ ፊታውራሪነትን አይሽርም።

የቢቸናው ሰው በዚህ ላይ ሌላ «አንድም» አለው። በላይ ዘለቀ በዚህ አገር ጣልያንን ተዋግቶ፣ ከነፃነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቅሏል። አበጀ በለው ሲናገር በላይን አለመስማት ለቢቸና ጆሮ ከባድ ነው። ደራሲው በላይን አስበው ጻፉ ለማለት አልደፍርም፤ የልቦለዱ ዘመንም ከጠላት ወረራ በፊት ነው። ነገር ግን ራሳቸው አርበኛ ሆነው ተማርከው፣ በጣልያን ደሴቶች ታስረው የተመለሱ ሰው በሠላሳዎቹ ዓመታት የሆነውን ሳያስተውሉ መጽሐፋቸውን ጻፉ ማለትም ያስቸግራል።

የጉዱ ካሳ ነገር ግን ያሳስበኛል። ደግሞ መስማት የታሪኩን ሚዛን ይለውጣል። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ሰው የሚከተለው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው፤ ይገናኙ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ ሌላውን ይሸፍነዋል። መጨረሻው ሲታወቅ ጭንቀቱ ይወገድና ዳር ቆሞ የነበረው ካሳ ዳምጤ ወደ መሐል ይገባል። የገዛ ዘመዶቹን ሥርዐት ፊት ለፊት የሚተች፣ ስለዚህም «ጉዱ» የተባለ፣ እብድ ነው በመባሉ ብቻ እስከ መጨረሻው እንዲናገር የተተወ ሰው። ይህን ሚዛን ያገኘው ደጋግሞ ያዳመጠ ሰው ነው፤ ትልቅ ግኝት ነው። ዛሬ በቴሌግራምና በዩቲዩብ የሚዞረው ግን ትረካው ሳይሆን ቅንጫቢው ነው፤ ጉዱ ካሳ የተናገረው ሁለት ደቂቃ ተቆርጦ ለሰሞኑ የፖለቲካ ወሬ መውጊያ ይሆናል። ሲቆረጥ የሚጎድለው የፊታውራሪው መልስ፣ የሰሚዎቹ ሳቅ፣ ከክርክሩ በኋላ ምንም ሳይለወጥ ማዕዱ መቀጠሉ ነው። ደራሲው የሳሉት የሚያሸንፍ ተናጋሪ አይደለም፤ ሁሉን አይቶ ምንም ማድረግ ያልቻለና በመጨረሻም መንኩሶ የኖረ ሰው ነው። ሙሉውን ክፍል ሰምቶ የሚከራከር ሰው ይህን አይስተውም፤ በቅንጫቢ የሚያውቀው ሰው ግን የተለየ ጉዱ ካሳ ይዟል።

በአድማጮቹም ሂስ ውስጥ የሚጎድል አለ። ስለ ሴቶቹ የሚነሣው ሙግት በሰብለ ወንጌል ውበትና ታማኝነት ላይ ያልቃል። ምናልባት የሁሉም ድምፅ በአንድ ወንድ ተራኪ በመምጣቱ ይሆናል። ሞጣ ግን በዚህ ረገድ ልትናገር የምትችለው አላት። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል መቀመጫዋን ሞጣ አድርጋ በአገሩ ጉዳይ ላይ ሥልጣን የነበራት ሴት ናት፤ ስሟም ከሞጣ ጊዮርጊስ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይነሣል። የመኳንንት ልጅ መሆን ወለተ እስራኤልን ሲያሠለጥን ሰብለ ወንጌልን ለምን እስረኛ አደረጋት? ክፍሎቹን በዚህ ጥያቄ ደግሞ የሚሰማ ሰው ወይዘሮ ጥሩአይነትን በተለየ መንገድ ያገኛታል፤ ልጇን የሚጎዳውን እያየች የባሏን ቃል ከማለዘብ የዘለለ ጉልበት ያጣችው ትልቅ ሴት።

በመጨረሻም በብዙ አድማጭ የሚዘለሉት ክፍሎች አሉ፤ መጀመሪያዎቹ። ማንኩሳ ላይ ያሉት ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ተጋብተው፣ በዛብህን ወልደው፣ ልጁን ለቤተ ክርስቲያን በስለት እስኪሰጡ ያለው ታሪክ ረጅም ነው፤ ሰብለ ወንጌልም ገና የለችም። ደጋግሞ የሚሰማው ሰው ካሴቱን ወደ ዲማ ያጠነጥናል። በቢቸና ደግሞ ይህ ይብሳል፤ ማንኩሳ ሩቅ ናት፣ ምዕራብ ጎጃም ናት፣ ዲማ ግን የእነሱ ናት። እኔ በዚህ አልስማማም። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲያፈቅር የሚጋጨው ከፊታውራሪ መሸሻ ትውልድ ቆጠራ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከመወለዱ ጋር ከተሳለው ስለትም ጋር ነው። ወላጆቹ በፍቅርና በፍርሃት የገቡት ቃል ነው፤ ክፋት የለበትም፤ ስለዚህም ፊታውራሪው ቢማረኩ እንኳ አይሻርም። የመጨረሻውን ክፍል ሰምቶ ወዲያው ወደ ማንኩሳ የሚመለስ ሰው ውድነሽ ስትሳል ሲሰማ አብሯት ደስ ሊለው አይችልም። አድማጮቹ አንድ ቀን ከዚያ ቢጀምሩ፣ አበጀ በለው በፊታውራሪው ላይ ያገኘውን ድል በዛብህ በወላጆቹ ቃል ላይ ለምን እንዳላገኘ የሚለው ሙግት ከእስካሁኑ ሁሉ የሚከብድ ይሆናል።