የመንዝ ቤት በሁለት መጻሕፍት

ስለ መንዝ የተጻፈውን የሚመረምር ሰው በብዛት የሚያገኘው የነገሥታትን ትውልድ፣ የጦርነትንና የርስት ሙግትን ታሪክ ነው። በምድጃ ዳር ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚወራ፣ ልጅ በምን እንደሚስቅ፣ አያት ምን እንደምታስታውስ የሚናገረው ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ ጥቂት ውስጥ ሁለት መጻሕፍት ጎላ ብለው ይታያሉ። አንደኛው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «ሰምና ወርቅ» ነው። ሁለተኛው ዶክተር ሔለን ፓንክረስት በ1992 እ.ኤ.አ. በለንደን ያሳተሙት፣ ስለ ሴቶች፣ ስለ ልማትና ስለ ማንነት የሚናገረው መጽሐፍ ነው። ሁለቱም በመንዝ ደጋ ተቀምጠው ሕዝቡን ያጠኑ ናቸው። ነገር ግን አንዱ ወደ ቤቱ የገቡት በፊት ለፊቱ በር፣ ሌላዋ በጓዳው በኩል ስለ ሆነ፣ ያዩት ቤት አንድ አይመስልም።

የፕሮፌሰር ሌቪን ሥራ ምስጋና የሚገባው ነው። የውጭ አገር ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፉ የብራና መጻሕፍትንና የቤተ መንግሥትን ታሪክ ብቻ በሚመለከቱበት ዘመን፣ እርሳቸው ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ ምድር ገበሬ ጋር ተቀምጠው የአነጋገሩን ስልት፣ የአባትን ሥልጣንና የልጅን አስተዳደግ አጥንተዋል። ልጅ በታላላቆቹ ፊት ዝም ብሎ እንደሚቆም፣ የእንግዳ እግር እንደሚያጥብ፣ በእራት ጊዜ መብራት ይዞ እንደሚያሳይ፣ መታዘዝ ከሁሉ በላይ የሚመሰገን ጠባይ እንደ ሆነ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ክርክር የሚነሣው ከታየው ነገር ላይ በተሠራው ትርጓሜ ነው።

ደራሲው የአማራ ጠባይ ከአፍ ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው ይላሉ። መብላትና መጠጣት፣ መጾምና መጋበዝ፣ አንደበተ ርቱዕ መሆን ሁሉ በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ በነፍስ ውስጥ ለተቀረጸ ዝንባሌ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ይህ ሐሳብ ከቪየና የሥነ ልቡና ሊቃውንት የመጣ ነው፤ ከመንዝ አየር ጋር ግን በቂ ትውውቅ አላደረገም። የጓሣ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ያለ ነው። በዙሪያውም ባለው ከፍተኛ ደጋ ዋናው እህል ገብስ ነው፤ እርሱንም ውርጭ ይመታዋል፣ በልግም ይከዳዋል። ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የቆየው ክፉ ቀን በአፈ ታሪክ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ነው። እንዲህ ባለ አገር ሰው ስለ እህል አብዝቶ ቢያወራ፣ እንግዳን «ብላልኝ» ብሎ ቢለምን፣ ጉርሻን የፍቅር ምልክት ቢያደርግ፣ የሚያስበው በሕፃን አእምሮ ሳይሆን በጎተራ ሒሳብ ነው። ጾሙም ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን የሚጠብቁት ሥርዐት ስለ ሆነ፣ የአንድን ሰው የምግብ ፍላጎት ከመግለጡ ይልቅ የቤቱን ወጪና የማኅበሩን አቆጣጠር የሚገዛ ሕግ ነው።

ሁለተኛው የመጽሐፉ ዐቢይ ሐሳብ አማራ ለየራሱ የሚኖር፣ ለጋራ ጥቅም መተባበርን የማያዘወትር ነው የሚለው ነው። የርስት ሙግት ብዛት ለዚህ ማስረጃ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዘመሮም ሆነ ከመሐል ሜዳ ወገን ወደ አንድ የጥንት ቤት የገባ ሰው ዐይኑን ወደ ላይ ቢያነሣ ሌላ ምስክር ያገኛል፤ ይኸውም ክዳኑ ነው። የጓሣ ሣር በየሰዉ ማሳ የሚበቅል አልነበረም፤ ከጋራው ሜዳ የሚታጨድ ነበር። ሜዳው ከአስቦና ከጌራ እንወለዳለን በሚሉት ባለርስቶች እጅ በቀሮ ሥርዐት ይጠበቅ ነበር፤ በተመረጡ አለቆች ትእዛዝ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ተከፍቶ ይታጨዳል፣ ከዚያም ይዘጋል። ይህ ሥርዐት ብዙ መቶ ዓመታት የኖረና ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ የፈረሰ ነው፤ ኋላም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ጎረቤቱን በዳኛ ፊት የሚከስሰው ያው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተማምሎ በዘጋው ሜዳ ሣር ቤቱን ይከድን ነበር ማለት ነው። ሙግቱን የሰማ ጆሮ ክዳኑን ካላየ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል።

የዶክተር ፓንክረስት መጽሐፍ ይህን ጉድለት በከፊል ያቃናል። ደራሲዋ የመንዝን ሴቶች ሥራና ኑሮ በቅርብ ተመልክተዋል። እንጨት በጠፋበት አገር ኩበት መልቀምና መጠፍጠፍ፣ የበግ ጠጉር መፍተል፣ ውሃ መቅዳት፣ ትዳር መመሥረትና ማፍረስ የጥናት አርእስት ሆነው ቀርበዋል። ከዚህ በኋላ ቤትን በአባት ሥልጣን ብቻ መግለጥ አይቻልም፤ አባት የሚቀመጥበት መደብ የሚሞቀው በእናት ኩበት ነውና። ሆኖም የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ መንግሥት፣ ሥራና የወንድና የሴት ግንኙነት ስለ ሆነ፣ ሴቲቱ ብዙ ጊዜ የምትታየው ሸክም ተሸክማ ነው። ሸክሟን አውርዳ የምትስቅበት ሰዓት ራሱን የቻለ አርእስት አልሆነም።

ያ ሰዓት ግን ቀላል ነገር አይደለም። ከብት ገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣ እሳቱ ሲቀር፣ እንዝርት እየሾረ፣ ቆሎ እየተቆረጠመ እንቆቅልሽ ይጀመራል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይመለሳል፤ መልሱን ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ቀን በአባቱ ፊት ቆሞ የዋለው ልጅ ማታ አገር ይሰጣል፣ አገር ይቀበላል፤ ያልወደደውንም አገር አልፈልግም ይላል። ለአንድ ጥማድ መሬት ዕድሜ ልክ በሚሟገት ሕዝብ ቤት ውስጥ ልጆች አገርን ያህል ነገር በሣቅ መለዋወጣቸው ታላቅ የጥናት ነገር ነው። የመታዘዝ ትምህርት በቀን እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የመናገርና የመብለጥ ትምህርት በማታ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ብቻ የመዘገበ ሊቅ የልጁን አስተዳደግ ግማሹን አላየም።

የትዝታም ነገር እንዲሁ ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚወረስ፣ ማን ከማን እንደ ተወለደ የምታስታውስ አያት የቤተ ሰቡ ሕያው መዝገብ ናት። አላን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በጎጃም ደጋ ዳሞት ያለውን የርስት ሥርዐት ሲመረምሩ የትውልድ ቆጠራን ክብደት አሳይተዋል። በምድጃ ዳር እንደ ተረት የሚሰማው የአያት ወሬ ነገ በሽማግሌ ፊት ማስረጃ ይሆን ነበር። ስለዚህ የቤት ጨዋታና የአደባባይ ሙግት ሁለት ዓለም አይደሉም፤ አንዱ ለሌላው ስንቅ ያቀብላል።

ይሁን እንጂ የቤትን ደስታ የሚያጠና ሰው ሌላ ስሕተት እንዳይሠራ መጠንቀቅ አለበት፤ የወደደውን ሁሉ ከጥንት የመጣ አድርጎ እንዳይጽፍ ነው። ዛሬ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣው ቡና የሸዋ ክርስቲያን ቤት የጥንት ሥርዐት ይመስላል። ነገር ግን ቡና ቀድሞ የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ ይነቀፍ ነበር፤ ነቀፌታው እየላላ የሄደው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የቤት ልማድም እንደ ቤተ መንግሥት ታሪክ ዘመን አለው።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት አያስፈልገውም። ከመጀመሪያው የአነጋገርን ጥልቀት፣ ከሁለተኛው የድካምን ልክ ይማራል። ለእርሱ የቀረው ሥራ ግን ከሁለቱም ሰፊ ነው፤ በመደቡና በጓዳው መካከል ባለችው ምድጃ ዘንድ መቀመጥ፣ የሚባለውን መስማት፣ የሚሣቅበትን መጻፍ። ከአያት ጋር የሚቀበረው ቃል ብዙ ነውና፣ ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።