የክራር ግራ እጅ

ክራርና በገና ጎን ለጎን ሲታዩ ዝምድናቸው አይደበቅም። ሁለቱም ገበቴ፣ ሁለት ምሰሶ፣ ቀንበርና አውታር አላቸው። ታላቁ አሥር አውታር ይዞ የዳዊት በገና ተባለ፣ በዐቢይ ጾምም ይደረደራል። ታናሹ ግን ስድስት አውታሩን ይዞ ጠጅ ቤት ስለዋለ የሰይጣን መሣሪያ ሲባል ኖረ። ልጁ ክራር ሲያነሣ ያየ አባት «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ይቆጣ ነበር። ነውሩ ምሽቱ፣ መጠጡና የፍቅር ግጥሙ ነበር፤ እንጨቱና ጅማቱ ምን በደሉ?

ወደ ክራር መቺው እጅ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው፣ የተናቀው ሙያ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ይገባዋል። ሥራው ከመቃኘት ይጀምራል። አምስቱ አውታሮች የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው አንዱን ድምፅ በሌላ እርከን ይደግመዋል። ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ መሻገር ሲፈልግ አውታሮቹን ማጥበቅና ማላላት አለበት። በድሮው ክራር አውታሩ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ተጠምጥሞ ስለሚታሰር፣ ለአንዲት ቅኝት ብዙ መዳፍ ይለፋ ነበር።

ከክራር አመታት ስልቶች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ግርፍ የሚባለው ነው። ቀኝ እጅ ስድስቱንም አውታር ባንድ ጊዜ ይጠርጋል። ሁሉም ቢጮሁ የሚሰማው ሁካታ ብቻ በሆነ ነበር። ግራ እጅ ግን ከጀርባ ሆኖ ጣቶቹን አውታሮቹ ላይ አሳርፎ ያፍናቸዋል፤ ዜማው የሚፈልገውን አውታር ብቻ ለቅጽበት ይለቀዋል። የተለቀቀው ይዘፍናል፣ የታፈኑት እንደ ከበሮ ይደቃሉ። ዜማና ምት ካንድ ሰው እጅ የሚወጡት እንዲህ ነው። ተመልካች የሚያየው የቀኙን ውርወራ ሲሆን ዜማውን የሚመርጠው ግን የግራው ዝምታ ነው።

ይህን ሙያ ወደ መድረክ ካወጡት አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። ወንዶች የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው በሚተውኑበት ዘመን ተዋናይት ሆና ወጣች፤ ሴት ሆና በአደባባይ ክራር መያዟ ደግሞ ሌላ ድፍረት ነበር። አዘፋፈኗን ልብ ብሎ ያደመጠ ሰው፣ ስንኙን ጥላ ለክራሩ ቦታ ስትለቅለት፣ ክራሩም መልሶ ሲያናግራት ይሰማል። ግጥሙን እንደ ተዋናይ ትናገረዋለች፤ አንዱን ቃል ትጎትተዋለች፣ ሌላውን እንደ ዋዛ ትወረውረዋለች። በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ፣ በወጣትነቷ ስትነቀፍበት የነበረው ሙያ የአገር ኩራት ተብሎ ይወራ ነበር።

ለውጡ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ለባህላዊው ሙዚቃ መድረክ ሰጠው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራርን ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን አስቀምጦ አስተማረ። በለንደን ያለው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 አልበም አወጣ። ከሁሉ የሚገርመው ግን የሰይጣን ሲባል የኖረው መሣሪያ ዛሬ መዝሙር ሲያጅብ መሰማቱ ነው።

መከበሩ ደስ ቢልም ዋጋ አስከፍሏል። የኤሌክትሪክ ክራር በትልቅ ድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ የታፈኑት አውታሮች ድቅታ ብዙ ጊዜ በጩኸት ይዋጣል፤ የግርፉ ግማሽ ጥበብ ደግሞ ያለው በዚያ ድቅታ ውስጥ ነው። ጠጅ ቤቱ ጠባብ ስለነበር ይህን ድምፅ ጠብቆት ኖሯል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ መድረኩ ለክራር ወንበርና ብርሃን ጨመረለት እንጂ ሙያ አልጨመረለትም፤ ሙያው በተሰደበበት ዘመንም ሙሉ ነበር። ክራር መቺ ፊት ለፊታችሁ ሲቀመጥ ቀኝ እጁን ለጊዜው ተዉት፤ ግራውን ተመልከቱ።