ዙፋኑና ሠሪው

ቅኔን «ሰምና ወርቅ» ያሰኘው የአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ መልኩን በሰም ይሠራል፤ በጭቃም ይሸፍነዋል፤ ወደ እሳት ባገባው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በስፍራው ወርቁ ይገባል። እንግዲህ ባለቅኔን የሚያከብር አገር፣ ምሳሌውን ያበደረውን ሠራተኛ «ቡዳ» እያለ ሲንቅ መኖሩ ራሱ ትርጓሜ የሚሻ ቅኔ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረዋል።

ይህን በልቡ ይዞ የቀራጺውን የኤልያስ ስሜን ሥራ ለሚመለከት ሰው ምሥጢሩ ቶሎ ይገለጥለታል። ኤልያስ የአዲስ አበባ ተወላጅ ሲሆን፣ ሌላው የጣለውን ቁልፍና ቆርኪ፣ ከተሰባበረ ኮምፒውተር የወጣውንም ሽቦ ከመርካቶ እየሰበሰበ ይጎነጉናል፤ ይሰፋል፤ ይገጣጥማል። ሥራውን ከሩቅ ሲያዩት የእርሻ መሬትን ከተራራ ላይ ማየት ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን እያንዳንዱ ጉንጉን የእጅን ድካም ይናገራል። በእርሱ ዘንድ ሰሙ ቀልጦ አይጠፋም፤ ከወርቁ ጋራ አብሮ ይታያል።

በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ፒተር ሴላርስ ያዘጋጀው የስትራቪንስኪ «ኤዲፐስ ንጉሥ» በሎስ አንጀለስ በመድረክ ሲቀርብ፣ ዙፋኖቹን የሠራ ኤልያስ ነበረ። ታሪኩ የንጉሥ ውድቀት ነው። የተቀመጠው ይዋረዳል፤ ዙፋኑ ግን በተመልካች ፊት ቆሞ የሠሪውን እጅ ይመሰክራል። ስለዚህ በዚያ መድረክ ማዕረግ ከተቀመጠው ወደ ሠራው ተሻገረች ቢባል ሐሰት አይደለም።

የዚህን ነገር ክብደት በአገራችን ለመመዘን፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ሙዝ ወደሚበቅልባት ወደ ላንቴ ማቅናትና የጋሞን ሥርዐት ማስተዋል ይበቃል። በጋሞ አገር በቀድሞው ልማድ ማላ የተባለው ወገን የመሬትና የዱቡሻ ሸንጎ ባለቤት ሲሆን፣ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ደጋላ ከመሬቱም ከጋብቻውም ተለይተው ኖረዋል። የ1967ቱ ዐዋጅ የመሬቱን ሕግ ለወጠ፤ ልብን ግን ዐዋጅ ብቻውን አይለውጠውም። እንሥራውን ወደ ጓዳ ያስገባ ቤት ሠሪዋን ከደጅ ሲመልስ ኖሯልና።

እንግዲያስ በኤልያስም ሥራ ላይ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የተጣለው ዕቃ ከበረ፤ ዕቃውን ከመርካቶው ምናለሽ ተራ ለቅሞና ለይቶ የሚያቀርበው ሰውስ ከበረን? ተመልካች የሚያውቀው የአንዱን የቀራጺውን ስም ነው። ነገር ግን ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋራ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈተው የዞማ ሙዚየም ወደ መልሱ ያቀርባል። ግንቡ ጭቃና ጭድ ነው፤ የቀድሞ ቤት ሠሪዎች ሙያ በውስጡ እንደ ተሰቀለው ሥራ ሁሉ ለእይታ የቀረበ ነውና።

ዕቃን ማክበር የጥበብ መጀመሪያዋ እንጂ ፍጻሜዋ አይደለም። ዙፋኑን ያደነቀ ሰው ሠሪውን ከማዕዱ ያቀረበ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ ሰሙና ወርቁ ይስማማሉ።