ቁጥርና ምጽዋት፦ የመጦሪያ ቤት አረጋውያን በዜና ዓይን

በካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ ሆነን የሁለት አገር ዜና እንከታተላለን። በሁለቱም ዘንድ በመጦሪያ ቤት የሚኖር አረጋዊ ይታያል እንጂ አይደመጥም።

የካናዳው ጋዜጠኛ የመጦሪያውን ደጅ የሚያንኳኳው በአብዛኛው መቅሠፍት ሲወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የካናዳ የጤና መረጃ ተቋም እንዳሳወቀው፣ በመጀመሪያው የኮቪድ ማዕበል በአገሪቱ ከሞቱት መካከል ከመቶ 80 ያህሉ በመጦሪያ የሚኖሩ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሠራዊቱ በአምስት የኦንታሪዮ መጦሪያዎች ያየው ጉድ ይፋ ወጣ። ይህን መዘገብ ታላቅ አገልግሎት ነበር፤ አንክድም። ሆኖም ሟቾቹ በሠንጠረዥ ተቆጠሩ፤ ስለ እነርሱ በብዛት የተናገሩት ልጆቻቸው፣ ሐኪሞችና ሹማምንት ናቸው።

በአገር ቤት ደግሞ ዜናው የምጽዋት ጥሪ ነው። ለአዲስ አበባው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ የሚደረጉ የቴሌቪዥን ጥሪዎች ብዙ ርዳታ አስገኝተዋል። ይሁን እንጂ «ጧሪ ቀባሪ ያጡ» የሚለው የተለመደ ሐረግ ሰውን በማንነቱ ሳይሆን በሌሎች መቅረት ይሰይመዋል። ትናንት መምህር፣ ወታደር ወይም ሸማኔ የነበረው ሁሉ ዛሬ እንባ ብቻ ይሆናል።

የእኛም ብዕር ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለም። ስለ አብዮቱና ስለ ሥርዓተ መንግሥቱ ብዙ ገጽ ፈጅተናል፤ ወደዚህ ያመጣናቸውን ወላጆቻችንን ግን እምብዛም አልጠየቅንም። እኛም በተራችን እያረጀን ነው። የመርሳት ሕመም በስደት የተማርነውን እንግሊዝኛ ቢነሣን፣ በአማርኛ የምንለውን ማን ይሰማናል?

እንግዲህ ጸሐፊ ሁሉ ከመቁጠሩና ከመለመኑ በፊት ወንበር ስቦ ይጠይቅ፦ «አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»