«የሙቀት ጨረር» ስለምትባለው ሐረግ

በማሠልጠኛ ተቋማችን ለማስተማር ልምምድ የሚወጡ ዕጩ መምህራን ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉት አንድ የፊዚክስ ማስታወሻ አለ። አዘጋጁ ማን እንደሆነ አይታወቅም። የሁለተኛ ደረጃው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ መምህሩ በአማርኛ ሲያብራራ የሚደገፈው በዚህ ማስታወሻ ነው፤ በተማሪው ጆሮ የሚቀረውም ከመጽሐፉ ይልቅ የማስታወሻው ቃል ነው። ስለ ኢንፍራሬድ፣ ስለሚታየው ብርሃንና ስለ አልትራቫዮሌት የሚናገረውን ገጽ ደጋግመን አንብበን ያገኘነውን ጉድለት ለሙያ ባልደረቦቻችን ልናካፍል ወደድን።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ሦስቱም በባሕርያቸው አንድ ዓይነት ሞገድ መሆናቸውን፣ በባዶ ስፍራ ሁሉም በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚጓዙ በግልጽ ጽፏል። ዓይናችን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር የሆነውን ነው፤ ከዚያ የሚረዝመው ኢንፍራሬድ፣ የሚያጥረው አልትራቫዮሌት ነው። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ጣጣው የሚጀምረው ቀጥላ ከምትመጣው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ኢንፍራሬድ የሙቀት ጨረር፣ የሚታየው የብርሃን ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የኬሚካል ጨረር ነው።»

ለሽምደዳ እንዴት ትመቻለች! ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት የተተወ አሳብ ናት። ያን ጊዜ ሊቃውንቱ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጨረሮች ያሉ ይመስላቸው ነበር። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ሄርሸል በፕሪዝም በተበተነው ብርሃን ላይ ቴርሞሜትር አኑሮ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ምንም በማይታይበት ስፍራ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ማየቱ ነው። በዓመቱ ዮሐን ሪተር ከሐምራዊው ወዲያ የብር ክሎራይድ ሲጠቁር አገኘ። ማስታወሻው ሁለቱንም ይተርካል፤ ከሄርሸል ታሪክ ግን «ስለዚህ ኢንፍራሬድ ከሁሉ ይበልጥ ይሞቃል» የሚል መደምደሚያ ያወጣል። ይህ የፕሪዝሙን ጠባይ መርሳት ነው። ፕሪዝም የሐምራዊውን ወገን ዘርግቶ ሲበትን፣ ቀዩንና ከቀይ ወዲያ ያለውን አጥብቦ ያጭቀዋል። ቴርሞሜትሩ በዚያ በኩል የበዙ የሞገድ ርዝመቶችን በአንድ ላይ ስለሚቀበል ይበልጥ መሞቁ አያስገርምም።

ሙቀትማ ማንኛውም ጨረር በአካል ሲዋጥ የሚገኝ ነው። ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ግማሽ ያህሉ ኢንፍራሬድ ነው፤ ከአምስት እጅ ሁለቱ የሚበልጠው የሚታየው ብርሃን ነው፤ ጥቂቱ አልትራቫዮሌት ነው። ጥቁር ካባ ለብሶ ፀሐይ ላይ የቆመ ተማሪ ነጭ ነጠላ ከለበሰው ይበልጥ የሚሞቀው በተለይ የሚታየውን ብርሃን ስለዋጠ ነው። በእርግጥ የጋለ ምጣድ ሳያበራ ፊታችንን የሚለበልበን በኢንፍራሬድ ነው፤ «የሙቀት ጨረር» የሚለው ስም የተጣበቀውም ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ብርሃን ኃይሉን የሚሰጠው በቁንጥር በቁንጥር ነው፤ ሞገዱ ባጠረ ቁጥር የአንዱ ቁንጥር ኃይል ይበልጣል። የ10 ማይክሮ ሜትር ኢንፍራሬድ ፎቶን 0.12 ኤሌክትሮን ቮልት፣ የቀይ ብርሃን 1.8፣ የ300 ናኖ ሜትር አልትራቫዮሌት 4.1 ያህል ይይዛል። የመጀመሪያው ሞለኪውልን ያንቀጠቅጣል፤ የመጨረሻው የሞለኪውልን ትስስር ሊበጥስ ይችላል። ከማስታወሻው የጎደለው ይህ አንድ አንቀጽ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

(«ታሕተ ቀይ» እና «ልዕለ ሐምራዊ» የሚሉ መምህራንም አንድ ነገር ያስቡ። «ታሕተ» የተባለው በድግግሞሽ ነው፤ በማስታወሻው ሥዕል ላይ የተሰለፈው ግን የሞገድ ርዝመት ስለሆነ «ከቀይ በታች» ያለው ትልቁን ቁጥር ይዞ ይገኛል። ተማሪው ቢደናገር አይፈረድበትም።)

ይህን ሁሉ የምንለው ለቃላት ጥራት ብቻ አይደለም። አልትራቫዮሌትን ከሙቀት ጋር የሚያያይዝ ልጅ ቀዝቃዛ ነፋስ ባለበት ደጋ ፀሐይ አታቃጥለኝም ይላል፤ ከፍታው በ1000 ሜትር ሲጨምር ግን አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የብየዳ ብልጭታን በባዶ ዓይኑ ያየ ሠራተኛም በሰዓቱ ምንም አይሰማውም፤ ማታ ነው ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁረው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በተጋረደች ጊዜ ትክክለኛ መነጽር ያልነበረው ሰው ጥላሸት የተቀባ መስታወት ወይም የራጅ ፊልም ቢያነሳ፣ «ከጨለመልኝ አይጎዳኝም» ብሎ ነው። ለዓይን የጨለመ ነገር ኢንፍራሬድን ሊያሳልፍ ይችላል፤ የዓይን ውስጠኛው ገጽ ሲቃጠል ደግሞ ሕመም አይሰማም።

ለክፍል ሙከራ ሄርሸልን ከመድገም የሚቀል አለ። የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ስልክ ካሜራ አዙሮ መጫን ነው፤ በብዙ ስልኮች ላይ በዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ሲበራ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ብርሃኑ ሐምራዊ ሆኖ ስለሚወጣ አንድ ንቁ ተማሪ «እንግዲያው አልትራቫዮሌት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሐምራዊነቱ የካሜራው ነው፤ የካሜራው ቀለም ለዪዎች ለሰው ዓይን የተሠሩ ስለሆኑ ኢንፍራሬዱን በቀዩም በሰማያዊውም በኩል ያሳልፉታል። ጥያቄው ሲነሣ መምህሩ ቸኩሎ ባይመልስ፣ ልጆቹንም ጥቂት ቢያከራክራቸው እንመርጣለን።