ከሥርወ ቃል ባሻገር፦ የስካንዲኔቪያ አስጋሪዎች ቃላት

የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች የዓሣ ማስገር ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠኑት ወደ ኋላ ነው። አጥኚው አንድ ቃል ይይዝና የእነዚህን ቋንቋዎች እናት፣ ጥንታዊውን ኖርስ፣ አልፎ እስከ ሕንድ-አውሮፓዊው ሥር ይወርዳል፤ «ፊስክ» ከላቲኑ «ፒስኪስ» ጋር አንድ ዘር መሆኑን ሲያሳይ ሥራው እንዳለቀ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ዋናው ጥያቄ ገና አልተነካም እላለሁ። ሥሩ ቃሉ የት እንደተወለደ ይነግረን ይሆናል፤ ምን ሲሠራ እንደኖረ ግን አይነግረንም።

«ስክሬይ»ን እንውሰድ። ኖርዌያዊው በዚህ ስም የሚጠራው በክረምቱ ወራት ዕንቁላሉን ለመጣል ከባረንትስ ባሕር ወደ ሎፎተን ደሴቶች የሚፈልሰውን ኮድ የተባለ ዓሣ ነው። የአይስላንዱ ሰው «ስክሬይዝ» ሲል ግን በነፋስ የደረቀ የዓሣ ቋንጣ ማለቱ ነው። ሁለቱም የመጡት ከአንድ የኖርስ ቃል ሲሆን፣ ቃሉም መጓዝንና መንሸራተትን ከሚያመለክት ግሥ ጋር ይዛመዳል። ጥንት መንጋውንም ቋንጣውንም ይጠሩበት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤጊል ሳጋ የተሰኘው የአይስላንድ ትረካ ከሰሜን ኖርዌይ በመርከብ ወደ እንግሊዝ የተላከ ደረቅ ዓሣን ያነሣል። የሁለቱን አገሮች የትርጉም ልዩነት በንግድ ብቻ መፍታት ግን አያዋጣም፤ ኖርዌይም ቋንጣውን ለዘመናት ሸጣለች። እሷ ለሸቀጡ «ቶርፊስክ»፣ ማለትም ደረቅ ዓሣ የሚለውን ግልጽ ስም ይዛ አሮጌውን ቃል ለሚዋኘው ተወችው። አይስላንድ በተቃራኒው አሮጌውን ቃል ለሸቀጡ ሰጠችው።

በአይስላንድኛ ለማስገር መውጣት «ሮዋ» ነው፤ ቀጥተኛ ፍቺው መቅዘፍ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 በኢሳፍዮርዱር የአገሪቱ የመጀመሪያ የጀልባ ሞተር ከተገጠመ ወዲህ መቅዘፊያው ሥራ እየፈታ ሄደ፣ ግሡ ግን ሥራ አልፈታም። በኖርዌይም የአስጋሪው ጎጆ «ሮርቡ» የሚባለው ከዚሁ ግሥ ነው። ዛሬ ሮርቡን የሚከራየው አብዛኛው ቱሪስት መቅዘፊያ ነክቶ አያውቅም።

በባዕድ ቃላት ረገድ አይስላንዶች ጥብቅ መሆናቸው የታወቀ ነው። ኖርዌያውያን ከእንግሊዝኛ «ትሮል» ብለው የተቀበሉትን ጎታች መረብ እነሱ ከራሳቸው ቃላት አጣምረው «ቦትንቫርፓ» አሉት፤ መርከቡን ደግሞ ከመጎተት ግሥ «ቶጋሪ» ብለው ሰየሙ። የዓሣ ድርሻ በሕግ ሲደለደል ግን «ክቮቲ»ን እንዳለ ተቀበሉ። መሣሪያውን በራሳቸው ቃል የሰየሙ ሰዎች ለቢሮው ቃል በሩን መክፈታቸው ያስገርማል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ግን ባሕር ላይ የማይጠራው ስም ነው። ሼትላንድ በ1469 ከዴንማርክና ኖርዌይ ንጉሥ ወደ ስኮትላንድ እጅ ካለፈች በኋላ የደሴቶቹ የኖርስ ልሳን፣ ኖርን፣ ቀስ በቀስ ከሰመ። የፋሮው የቋንቋ ሊቅ ያኮብ ያኮብሰን ከ1893 እስከ 1895 በደሴቶቹ እየተዘዋወረ የኖርንን ቅሪት ሲሰበስብ፣ ብዙ ቃላት ያገኘው በአስጋሪዎች አፍ ነበር። እነዚህ ሰዎች ጀልባ ላይ ቄሱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ድመቷን በዕለት ተዕለት ስማቸው አይጠሩም ነበር፤ በምትኩ የሟቹን ቋንቋ ቃል ይጠቀሙ ነበር። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ስቫለ ሱልሄይም በ1940 ባሳተመው ጥናት እንዲህ ያለው ክልከላ በኖርዌይም ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር አሳይቷል። ነገሩን «አጉል እምነት» ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ ግን አያረካም። ክልከላው የየብስን ንግግር ከባሕሩ ለይቶ፣ ቤት ውስጥ የሞተ ቋንቋን ጀልባ ላይ አቆይቷል። በኖርዌይ ዛሬም ወደ ማስገር የሚሄድን ሰው የሚመርቁት «ሺት ፊስከ» ብለው ነው፤ ቃል በቃል «ቆሻሻ ማስገር» እንደማለት። መልካም ምኞት ገድ ያበላሻላ!

ስለዚህ መዝገበ ቃላት ቃሉን ከጀልባው ነጥሎ ሲያቀርብ ግማሹን ብቻ ያቀርባል። ከ1980 እስከ 1986 በ5 ቅጾች የወጣው የሉድቪክ ክሪስትያንሶን የአይስላንድ የባሕር ሕይወት ጥናት ቃሉን ከመሣሪያውና ከአሠራሩ ጋር አያይዞ ያስቀምጣል። በዘርፉ አብነት ሊሆን የሚገባው ይህ ሥራ ነው።