ስለ «አዲስ ዓለም» መጽሐፍ፤ ተዝካርና የእጅ ሥራ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙትን «አዲስ ዓለም» የተባለውን መጽሐፍ ስሙን ያልሰማ የተማረ ሰው ብዙ አይገኝም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበውም እንዲሁ ብዙ አይገኝም። ስለ አማርኛ ልብ ወለድ አጀማመር በሚነገርበት ጊዜ ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በኋላ ስሙ ይጠራል፥ ከዚያም ይታለፋል። መታለፉ የሚያሳዝን ነው። መጽሐፉ የሚጠይቀው ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ በየቤታችንና በየደብራችን ደጅ ቆሞ ይገኛልና። ጥያቄውም ክርስቲያን የተባለ ሰው እምነቱን በሠርግና በልቅሶ፥ በገንዘብና በዕለት ኑሮ እንዴት አድርጎ ይፈጽማታል የሚል ነው።

ስለ ስሙ አስቀድመን አንዲት ቃል እንናገር። አዲስ ዓለም ስንል ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለችውን ከተማ ማለታችን አይደለም። ይሁን እንጂ የስሙ መመሳሰል ለነገራችን ሳይረዳ አይቀርም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ዙሪያ የነበረው እንጨት እየተቈረጠ ባለቀ ጊዜ መናገሻቸውን ወደዚያች ከተማ ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ በኋላ ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በጋራው ላይ ተተክሎ ስለ በቀለ አዲስ አበባ በስፍራዋ ጸናች። ስለዚህ ዛፍና ስለ ተሸካሚዎቹ ወደ ፊት እንናገራለን።

ደራሲው በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከተማሩባቸውና ካገለገሉባቸው ስፍራዎች አንዱ የእንጦጦ ራጉኤል ነው። ከዚያ በኋላ ማዕርጋቸው እየጨመረ ሄዶ የአዲስ አበባ ከተማ ሹም፥ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ጎሐ ጽባሕ የሚባለውን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ተሰደው በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። የሕይወታቸውን ታሪክ ለመጻፍ አልተነሣሁም፤ ነገር ግን እኚህ ሰው ከሹመታቸው አስቀድሞ የብርዕ ሰው እንደ ነበሩ አንባቢ ልብ እንዲል እወዳለሁ። ጽሕፈት በዚያ ዘመን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ የክብር ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ሸንበቆ መቅረጽ፥ ቀለም መበጥበጥ፥ ብራና መዳመጥ ያለበት የእጅ ሥራ ነበረ።

የመጽሐፉ ታሪክ ረጅም አይደለም። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ትምህርት ወድዶ ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ በዚያም 8 ዓመት ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። በተመለሰም ጊዜ ከዘመዶቹና ከአገሩ ልማድ ጋራ ይጋጫል። ስለ ጋብቻ፥ ስለ ሠርግ ድግስ፥ ይልቁንም ስለ ተዝካር የሚያስበው እንደ ሰው ሁሉ አይደለምና። በመጨረሻም ነገሩ ከአንድ ቤት ወጥቶ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የሚነጋገርበት ይሆናል። የልጁ ስም ራሱ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነግረናል፤ አወቀ ተብሎ ተሰይሞ ሳያውቅ የሚቀር የለም።

የመጽሐፉ ብርታት በተዝካሩ ነገር ላይ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ለሞተ ሰው መጸለይን አይነቅፉም፤ እንዲህ ብሎ የሚያማቸው ቢኖር መጽሐፉን አላነበበም። በ40ኛው ቀን የሚደረገው ጸሎትና ቅዳሴ፥ ለድኃ የሚሰጠው ምጽዋት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። የሚነቅፉት ከዚህ ሥርዓት ላይ የተጫነውን ድግስ ነው። ጠላው ተጠምቆ፥ ጠጁ ተጥሎ፥ በሬው ታርዶ፥ ድኃው በደጅ ቆሞ ሳለ ባለጠጋው ወደ ውስጥ ሲጠራ፥ ሟቹ የሚታሰበው በጸሎቱ ነው ወይስ በጠጁ? በዚህ ስፍራ ደራሲው የሚያውቁትን ይናገራሉና ቃላቸው አጭርና የተሳለ ነው። ባላገር የሆነ አንባቢም የነገሩን ክብደት ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የእርሻ በሬውን ለአባቱ ተዝካር ያረደ ገበሬ በሚመጣው ክረምት በምን ያርሳል? ከጎረቤቱ በሬ ይለምናል፤ ባያገኝ በአራጣ ይበደራል፤ ዕዳውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ቀን የተበላው የ3 ዓመት ድካም ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በከተማችንም ይህ ነገር አልቀረም፤ መልኩን ብቻ ለውጧል። በሬው በግ ሆኖ ይሆናል፥ ዳሱ ድንኳን ሆኖ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ያው የተጉለቱ ፍርሃት ነው። ስለዚህ የመጽሐፉን የተዝካር ክፍል አርጅቷል የሚል ሰው ቢኖር በቅርብ ቀን ወደ ልቅሶ ቤት አልሄደም ማለት ነው።

መንቀፌ ከዚህ ይጀምራል። መጽሐፉ የልማዱን ጥፋት በሚገልጽበት ጊዜ ካህናቱን አብሮ ይወቅሳል፤ ወቀሳውም ምክንያት የሌለው አይደለም። ነገር ግን ፍርዱ ይቸኩላል። የገጠር ካህን ከምን ይበላ እንደ ነበር ተረጋግቶ አይመረምርም። በዚያ ዘመን ደብሩ መሬት ቢኖረውም ተራው ቄስ ሌሊት ማሕሌት ቆሞ ሲነጋ በሬ ጠምዶ ያርስ ነበር፤ መስቀሉን የያዘችው እጅ እርፉን የያዘችው እጅ ነበረች። ከዓመት እስከ ዓመት ሥጋ የሚቀምሰው በበዓልና በተዝካር ከሆነ፥ ተዝካር ይቅር በሚል ሰው ላይ ቢቈጣ የሚያስደንቅ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያን መሬት ከተወሰደ ወዲህ ደግሞ የካህኑ እንጀራ ከምእመኑ መዋጮ ላይ ወድቋል። እንግዲህ ድግሱን የሚያስቀር ሰው ካህኑ ምን እንደሚበላ አብሮ ማሰብ ግዴታ አለበት። አወቀ ግን ከፓሪስ ይዞት በመጣው ሳጥን ውስጥ ለዚህ መልስ አልያዘም።

ከዚህም የሚበልጥ ጉድለት አለ፤ ይኸውም የእጅ ሥራ ነገር ነው። አወቀ ይማራል፥ ይመክራል፥ ይከራከራል፤ የመጽሐፉ ልብ ያለው ከዚያ ላይ ነው። ክርስቲያን ሥራውን ራሱን እንደ ጸሎት አድርጎ ሊሠራው ይቻለዋልን? የሚለው ጥያቄ ግን ዳር ላይ ይቀራል። ይህ ጥያቄ በአገራችን ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ይነወሩ ነበር፤ ጸሐፊው ሳይቀር ጠንቋይ ይባል ነበር። ከአዋጁም በኋላ ስድቡ ቶሎ አልጠፋም። ብዕር ይዘው ያደጉት ደራሲ ይህን ስድብ በቅርብ ሳይሰሙት አይቀሩም ብዬ አስባለሁ፤ ከባለ ታሪካቸው አፍ ግን ስለዚህ የተዝካሩን ያህል የበረታ ቃል አናገኝም።

ቃሉን ለመናገር ወደ ፓሪስ መሄድም ባላስፈለገ ነበር። የጌታችን አሳዳጊ ዮሴፍ ጠራቢ ነበረ። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከተማ ድንኳን እየሰፋ አስተማረ። አባ እንጦንስ በበረሃ ልቡ በታወከ ጊዜ አንድ ሰው ጥቂት ተቀምጦ ሰሌን ሲታታ፥ ጥቂት ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ደግሞ ተመልሶ ሲታታ እንደ ታየው፥ ያም ሰው ሊያስተምረው የተላከ መልአክ እንደ ነበረ በገዳም ያደገ ሁሉ ያውቃል። ይህን ሁሉ በየዓመቱ እያነበብን ሸማኔን የናቅን እኛ ነን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ይህን ተቃርኖ አንሥተውት ቢሆን ኖሮ መጽሐፋቸው የተዝካርን ድግስ ብቻ ሳይሆን የድግሱን ምንጭ በነካ ነበር፤ ድግስን የሚያከብርና ድካምን የሚንቅ ልብ አንድ ነውና።

ነገሩን በስፍራው ለማየት የሚወድ ሰው ደራሲው ወደ ተማሩበት ወደ እንጦጦ ይውጣ። ከራጉኤልና ከማርያም ወደ ምሥራቅ ጋራው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ አልፎ በየካ ላይ እየተዘረጋ እስከ ኮተቤ ይደርሳል። በዚህ ጋራ ለብዙ ዘመን ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እየጠረጉ፥ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ ጎንበስ ብለው ወደ ከተማው ሲወርዱ ኖረዋል። የአዲስ አበባ እንጀራ የተጋገረው በእነርሱ ጀርባ ነው። ከመካከላቸው ሸክሙን ትተው ማኅበር ያቆሙና ሽመና የያዙ አሉ። ሸክም የተሸከመችው ሴት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታልፍ ሸክሟን አውርዳ ለመሳለም አይቻላትም፤ ካወረደችው መልሶ የሚያሸክማት አታገኝምና። እንደ ጎበጠች ራስዋን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች።

ይህችን ሴት «አዲስ ዓለም» ምን ይላታል? ድግስ አታብዢ ቢላት የምታበዛው ድግስ የላትም። አንብቢ ቢላት ፊደል ያስቈጠራት የለም። እርስዋ ግን ከሁላችን ያላነሰ የቤተ ክርስቲያን ኑሮ አላት፤ የጽዋ ማኅበርዋን አታጓድልም፥ የእድርዋን መዋጮ ትከፍላለች፥ በወሩ 12ኛው ቀን ለሚካኤል፥ በ21ኛው ለማርያም ጧፍ ታበራለች። በበዓል ቀን ብትሸከም ጎረቤቷ ያማታል፤ ባትሸከም ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ። በዚህ በጭንቅ መንገድ ላይ የንስሐ አባትዋ ምን ብለው ይመክሯት? የክርስትናን የዕለት ኑሮ አጥብቆ የሚመረምር መጽሐፍ ከዚህ ሊጀምር ይገባው ነበር። የደራሲው ለውጥ የሚታረድ በሬ ያለውን ሰው ይመለከታል፤ ምንም የሌላትን ግን ከነሸክሟ አልፏት ይሄዳል።

ደራሲው ለዘመናቸው ምሁራን ጻፉ፥ ስለ ቅጠል ተሸካሚ ለምን ይጠየቃሉ የሚለኝ ይኖራል። ነገሩ ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን ብላቴን ጌታ ኅሩይ የሥራን ነገር ያልተመለከቱ ሰው አልነበሩም። ወደ ጃፓን ተልከው በተመለሱ ጊዜ በ1924 ዓ.ም. ባሳተሙት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፍ የዚያን አገር ሕዝብ ትጋትና መሠልጠን በአድናቆት ጽፈዋል። በሩቅ አገር ያደነቁትን ትጋት በአገራቸው እጅ ላይ ለማየት ዓይን አልጠፋቸውም፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ግን ለትምህርት ያላቸው ፍቅር ሌላውን ሁሉ ሸፈነባቸው።

በየካ ጋራ ውስጥ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ከአንድ አለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዘመኑን አንዳንዶች ወደ አብርሃና አጽብሐ ያደርሱታል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ወደዚህ ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጡታል። ዘመኑ የትኛውም ቢሆን፥ ያን አለት በመሮ የፈለፈሉት ሰዎች ስማቸው አልታወቀም። ለእነርሱ ጸሎቱ የትኛው ሥራውም የትኛው እንደ ነበረ ለይቶ መናገር የሚቻለው የለም። ከከተማው መካከል ሩቅ ያልሆነ ይህን የመሰለ ምስክር እያለን ባለ ታሪካችን ምሳሌውን ሁሉ ከፓሪስ ማምጣቱ ይገርመኛል።

ስለ ድርሰቱ መልክ ብዙ አልናገርም። አማርኛው ንጹሕና የማያደናግር ነው፤ ከግእዝ የወሰደው በልክ ነው። የሰዎቹ ንግግር ግን ብዙ ጊዜ ስብከት ነው፤ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይናገራል፥ ሲናገርም የሚያስል የለም፥ ነገር የሚያቋርጥም የለም። በ1915 ዓ.ም. በወጣው በ«ወዳጄ ልቤ» ይህ አይጎረብጥም፤ በዚያ መጽሐፍ የሚነጋገሩት ሰውና ልቡ ናቸውና ምሳሌነቱ ግልጥ ነው። በ«አዲስ ዓለም» ግን የተጉለትን ሰዎች እናያለን ብለን ጠብቀን ሳለ ከተጉለት ሰዎች ይልቅ ሐሳቦች ልብስ ለብሰው ሲከራከሩ እናገኛለን። ከሁሉም የሚደክመው የመጨረሻው የጉባኤው ክፍል ነው። ለዘመናት የኖረ ልማድ በጉባኤ ቃል በቀላሉ የሚለወጥ ይመስላል፤ ከዚያ ጉባኤ ማግሥት ግን የተጉለቱ ቄስ ወደ እርሻው፥ ባልቴቷ ወደ እንጨቷ እንደሚመለሱ አንባቢ ሳያስታውስ አይቀርም።

እንዲህም ሆኖ መጽሐፉ እንዲነበብ እወዳለሁ። ካህናት አባቶቻችን የተዝካሩን ክፍል ወስደው በሰንበቴ ዕለት፥ ዳቦው ተቈርሶ ጠላው ሳይቀዳ፥ ለማኅበሩ ቢያነቡት፤ ካነበቡም በኋላ የተማረው ሰው ዝም ብሎ በመጀመሪያ ገበሬው፥ ሸማኔውና እንጨት ተሸካሚዋ እንዲናገሩ ቢደረግ፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያልጻፉት ምዕራፍ በዚያ ይሰማል ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ ያደረገ ደብር ቢኖር የተባለውን ጽፎ ለዚህ ገጽ ቢልክልን በደስታ እናትማለን።